አራት ስፒከር ሰራውንድ አይደለም

መኪናዎ ውስጥ ይግቡና በሩን ይዝጉ። ሞተሩ አይነሣ፤ ቴፑ እስኪበራ ድረስ ብቻ ቁልፉን ያዙሩት። ዜና የሚነበብበት ጣቢያ ይፈልጉ። ድምፁን ሰው አጠገብዎ ተቀምጦ በሚያወራበት ልክ ያድርጉትና ዓይንዎን ጨፍነው የዜና አንባቢዋ የት እንደተቀመጠች በጣትዎ ይጠቁሙ።

የብዙ ሰው ጣት የሚያርፈው ግራ ጉልበቱ አጠገብ፣ የበሩ ስፒከር ላይ ነው። የአንዳንዱ ወደ ማጅራቱ ይሄዳል። አንባቢዋን ከዳሽቦርዱ መሃል፣ ከፊት መስታወቱ ሥር ካገኟት ግን መኪናዎን የሠራልዎት ሰው ሥራውን ያውቃል፤ ይህን ጽሑፍ ይተዉትና ዘፈንዎን ይስሙ።

ሌሎቻችን እንቀጥል። ሱቅ ውስጥ «ሰራውንድ አለው» ተብሎ የሚሸጠው ቴፕ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁልፍ ሲጫኑት ድምፁን የሚያሳብጥና የሚያስተጋባ ነው። ዘፋኙ የውኃ ታንከር ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። ለሁለት ደቂቃ ያስደስታል፣ በአሥረኛው ያታክታል። እኔም በወጣትነቴ በአራቱም በር ስፒከር አስገጥሜ፣ በኋላ መስታወቱ ሥር ደግሞ ሁለት ስድስት በዘጠኝ ደርድሬ፣ «ሰራውንድ አለኝ» እያልኩ ሰው አሳፍር ነበር። የነበረኝ ከስድስት አቅጣጫ የሚመጣ ጩኸት ነው። ሰራውንድ ማለት የስፒከር ብዛት ሳይሆን የትኛው ድምፅ ቀድሞ፣ የትኛው ተከትሎ ጆሮ ጋ ይደርሳል የሚለው ተራ መሆኑን የተረዳሁት ዘግይቼ፣ ገንዘቤን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

ጆሮ አቅጣጫን የሚያውቅበት ዘዴ

ከግራ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮን ቀድሞ ይመታል። ቀኙ ጋ ለመድረስ ጭንቅላትን መዞር ስላለበት ትንሽ ይዘገያል። ይህ መዘግየት ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ የአንድ ሰከንድ አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። አንጎል ግን ይህችን ቅንጣት ጊዜ ለክቶ «ከግራ ነው» ይላል። ለቀጫጭን ድምፆች ደግሞ ጭንቅላት ራሱ እንደ ግድግዳ ይጋርዳል፤ ማዶ ያለው ጆሮ ድምፁን ደከም አድርጎ ይሰማዋል። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1907 እ.ኤ.አ. ወፍራም ድምፅ በጊዜ፣ ቀጭን ድምፅ በጉልበት ልዩነት እንደሚለይ አስረድቷል፤ መሠረቱ ዛሬም ያው ነው።

ሁለተኛው ነገር ለመኪና ይበልጥ ይጠቅመናል። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ በ1949 እ.ኤ.አ. በጎቲንገን ለዶክትሬቱ ባደረገው ጥናት አንድ ዓይነት ንግግር ከሁለት ስፒከሮች፣ አንዱን በጥቂት ሚሊሰከንድ አዘግይቶ፣ ለሰዎች አሰማ። አድማጮቹ ሁለት ድምፅ አልሰሙም። አንድ ድምፅ፣ ያውም ቀድሞ ከደረሰው ስፒከር ብቻ የሚመጣ ሰሙ። የዘገየው እስከ 30 ሚሊሰከንድ ገደማ ድረስ ከፊተኛው ጋር ይዋሃዳል፤ ድምፁን ያደልበዋል፣ ስፋት ይሰጠዋል፣ አቅጣጫውን ግን አይለውጥም። ከዚያ በላይ እየዘገየ ሲሄድ ብቻ እንደ ገደል ማሚቶ ተለይቶ ይሰማል።

አሁን ወደ ሾፌሩ ወንበር እንመለስ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከግራው በር ስፒከር እስከ ጭንቅላትዎ 95 ሴንቲ ሜትር፣ ከቀኙ እስከ ጭንቅላትዎ 140 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ልዩነቱ 45 ሴንቲ ሜትር፣ በጊዜ 1.3 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ጭንቅላት በራሱ ሊፈጥረው ከሚችለው ትልቁ መዘግየት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አንባቢዋ ጉልበትዎ ላይ ብትቀመጥ ምን ይገርማል? ቤት ውስጥ ሶፋው መሃል ላይ ተቀምጠን እንገላገላለን። መኪና ውስጥ መሃል ላይ የሚቀመጥ ሾፌር የለም፤ የመኪና ድምፅ ሥራ ሁሉ ከዚህ ችግር ይጀምራል።

ሁለት ድምፅ እንዴት አምስት ይሆናል?

ሰራውንድ የሲኒማ ልጅ ነው። ዲስኒ በ1940 እ.ኤ.አ. «ፋንታዚያ» የተባለውን ፊልም ያሳየው አዳራሹን በሚከብ የስፒከር ሥርዓት ነበር፤ ውድ ስለነበር ብዙ አልተስፋፋም። በ1977 እ.ኤ.አ. «ስታር ዋርስ» ሲወጣ ዶልቢ የተባለው ኩባንያ አራት የድምፅ መስመሮችን በፊልሙ ጠርዝ ባሉት ሁለት መስመሮች ውስጥ አጥፎ ማስገባትና አዳራሹ ውስጥ መልሶ መዘርጋት ችሎ ነበር። ይህ የማጠፍና የመዘርጋት ብልሃት ዛሬ መኪናዎ ውስጥ «ሰራውንድ» ለሚባለው አብዛኛው ነገር አያት ነው።

ብልሃቱ ቀላል ነው። ስቴሪዮ ዘፈን ግራና ቀኝ አለው። ዘፋኙ ብዙውን ጊዜ በሁለቱም እኩል ይገባል። ጭብጨባው፣ እልልታው፣ የአዳራሹ ማስተጋባት ግን በግራና በቀኝ ይለያያል። ግራንና ቀኝን ሲደምሩ ዘፋኙ ይጎላል፤ ያንን ወደ መሃል ስፒከር ይልኩታል። ግራውን ከቀኙ ሲቀንሱ በሁለቱም እኩል የነበረው ዘፋኝ ይጠፋና እልልታውና ማስተጋባቱ ይቀራል፤ ያንን ጥቂት አዘግይተው ወደ ኋላ ይልኩታል። አድማጩ ዘፋኙን ፊት ለፊት፣ ሕዝቡን ዙሪያውን ያገኛል። ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ፣ የሐርማን ሎጂክ 7፣ የቦዝ ሴንተርፖይንት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ረቀቅ ያለ ስሌት ቢኖራቸውም የቆሙት በዚህ መደመርና መቀነስ ላይ ነው።

ከዚህ አንድ የሚያሳዝን ነገር ይከተላል። በሸክላ ዘመን ከወጡት ዘፈኖቻችን ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው። ግራና ቀኛቸው አንድ ስለሆነ ሲቀንሷቸው የሚቀረው ዜሮ ነው። የሰራውንዱን ቁልፍ ቢጫኑም ዘፈኑ ሁሉ መሃል ላይ ይሰበሰባል፤ ኋላ ያሉት ስፒከሮች ዝም ይላሉ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎት ወደ ሱቅ የመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ሌላው ዓይነት እያንዳንዱ ስፒከር ከመጀመሪያው የራሱ ድምፅ የተቀዳለት ነው። የ2004 እ.ኤ.አ. አኩራ ቲኤል የተባለው መኪና በዲቪዲ ኦዲዮ ባለ 5.1 (አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር) ሙዚቃ የሚያጫውት ሥርዓት ይዞ ወጣ፤ ያስተካከለው ኤሊዮት ሻይነር የተባለ የታወቀ የቀረጻ መሐንዲስ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሉሲድ ኤር የተባለችው የኤሌክትሪክ መኪና 21 ስፒከር ይዛ ዶልቢ አትሞስ የተባለውን ሰራውንድ ወደ መኪና አመጣች። ይህን ለመስማት ግን መኪናውም፣ ዘፈኑም፣ ማጫወቻውም አትሞስን የሚያውቁ መሆን አለባቸው። የሦስቱ መገናኘት ለአብዛኞቻችን የሩቅ ነገር ስለሆነ ከዚህ በታች የምናወራው በእጃችን ስላለው ስለ ስቴሪዮና ስለ ተራው መኪና ነው።

መጀመሪያ አንድ የባትሪ ድንጋይ ይግዙ

ምንም ስፒከር ከመግዛትዎ በፊት ያለውን ይመርምሩ። ተራ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይበቃል። የበሩን ሽፋን በካቻቪቴ ፈትተው ወደ ስፒከሩ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ከቴፑ ይለዩዋቸው፤ ሳይለዩ አይሞክሩ፣ ድንጋዩ ቴፑን ሊጎዳ ይችላል። የድንጋዩን ፖዘቲቭ በስፒከሩ ፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩን በኔጌቲቭ ለቅጽበት ያስነኩ። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ብቅ ካለ ልክ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ ምልክቱ ወይም ሽቦው ተገልብጧል። ሁሉንም ስፒከር እንዲህ ይፈትሹ፤ ከዚያ ፖዘቲቩ ከቴፑ ፖዘቲቭ ጋር መገናኘቱን በሽቦው ቀለም ያረጋግጡ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? አንዱ ስፒከር አየሩን ሲገፋ ሌላው ከሳበ፣ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የዘፋኙም ድምፅ መሃል ላይ መቆም ያቅተዋል። ከኔ ስድስት ስፒከሮች አንዱ እንዲህ ተገልብጦ ሁለት ዓመት ኖሯል። «ቤዙ ደከመ» ብዬ ሰብዉፈር የጨመርኩት በዚያ ጊዜ ነው። አምስት ደቂቃ በማይፈጅ ሥራ የሚድን ነገር ነበር።

በሩ ሣጥን ነው

በገንዘብዎ ከሚያገኙት ለውጥ ትልቁ ያለው ከፊት በሮች ላይ ነው። ድምፁ ከፊት እንዲመጣ ከፈለግን ከፊት ያለው ስፒከር ጥሩ መሆን አለበት፤ ኋላ ያሉት አጃቢ ናቸው። ስለዚህ በጀቱን ለአራት ከመከፋፈል ለሁለቱ የፊት በሮች ቱዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) የተለየ የ16 ሴንቲ ሜትር ስፒከር ይግዙ፤ ኋላ ያሉትን የፋብሪካ ስፒከሮች እንዳሉ ይተዉ። ቱዊተሩን ከመስታወቱ ጎን ባለው ምሰሶ ላይ ወይም በስፖኪዮው ውስጠኛ ጥግ፣ ወደ መኪናው መሃል አዙረው ያስቀምጡት። ምሰሶው ውስጥ የመጋረጃ ኤርባግ ሊኖር ስለሚችል ቢጫ ማገናኛ ያለበትን ሽቦ አይንኩ፤ ሽፋኑ ላይ ኤርባግ የሚል ምልክት ካለም እዚያ አይብሱ።

ስፒከር ወደ ፊት እንደሚጮኸው ሁሉ ወደ ኋላም ይጮኻል። ቤት ውስጥ ያለው ስፒከር የተቀመጠበት የእንጨት ሣጥን ዋና ሥራ ያንን የኋላ ድምፅ አፍኖ መያዝ ነው። የመኪና በር ግን ቀዳዳ የበዛበት ቆርቆሮ ነው፤ የኋላው ድምፅ በቀዳዳው ወጥቶ የፊቱን ያጠፋዋል። ውስጠኛው ቆርቆሮ ላይ ያሉትን ትላልቅ ቀዳዳዎች ይዝጉ፣ ከስፒከሩ ኋላ ያለውን የውጭ ቆርቆሮ ደግሞ በቡቲል ጎማ ምንጣፍ ይሸፍኑ። ቀልጠው የሚንጠባጠቡና የሚሸቱ የሬንጅ ምንጣፎች ርካሽ ናቸው፤ ሠመራ ወይም ድሬዳዋ የሚነዳ ሰው በፍጹም አይግዛቸው። በሩ ግርጌ ያሉትን ጥቃቅን የውኃ መውጫዎች ግን አይድፈኑ። በክረምት በመስታወቱ ጠርዝ የገባው ዝናብ የሚወጣው በነሱ ነው፤ ከተደፈኑ በሩ ከሥር ይበሰብሳል። ሽፋኑን ከመመለስዎ በፊት መስታወቱን እስከ ታች አውርደው ከስፒከሩ ማግኔት ጋር እንደማይጋጭ ይዩ።

ስለ ዋት የሚነገረው

ቴፑ ሣጥን ላይ «50 ዋት በ4» ይላል። ቁጥሩ ከየት መጣ? የመኪናው ዲናሞ ሲሠራ 14.4 ቮልት ገደማ አለ፤ ስፒከሩ 4 ኦም ነው። 14.4ን በራሱ አባዝተው ለ4 ቢያካፍሉ 51.8 ያገኛሉ። ይህ ቴፑ የድምፁን ሞገድ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ቆርጦ፣ ሙዚቃው ጥሬ ጩኸት ሲሆን የሚወጣ ጉልበት ነው። ሙዚቃው ንጹሕ ሆኖ ከአንድ ስፒከር የሚያገኙት በተግባር ከ20 ዋት ብዙም አይዘልም። ለከተማ መንዳት ያ አያንስም። መስታወት ዘግተው በኮብልስቶን መንገድ ላይ ለሚሄዱ ግን የጎማው ጉርምርምታ ወፍራሙን ድምፅ ይውጠዋል፤ ያኔ አምፕሊፋየር ያስፈልጋል።

አምፕሊፋየር ካስገቡ ቀልድ የማያውቀው ክፍል ኤሌክትሪኩ ነው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ይፍቱ። ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚሄደው ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ፊውዝ ይግባ፤ በጋራዥ ቋንቋ ቫልቮላ። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ አምፕሊፋየሩን አይደለም። ሽቦው ቆርቆሮ በሚያልፍበት ቦታ ተልጦ ሻንሲ ቢነካና ፊውዝ ባይኖር መኪናው ይቃጠላል። በቆርቆሮው ቀዳዳ ላይ የጎማ ቀለበት ያድርጉ፤ ናስትሮ ብቻ ለዚህ አይበቃም። ጠቅላላ 300 ዋት ንጹሕ ጉልበት የሚሰጥ ባለ ክላስ ዲ አምፕሊፋየር በሙሉ ጩኸት 27 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ፊውዙንም ሽቦውንም በዚህ ልክ ይምረጡ። ሽቦ ሲገዙም አንዱን ጫፍ ልጠው ይፋቁት፤ ከመዳብ ቀለሙ ሥር ነጭ ብረት ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹሕ መዳብ ስለሚያንስ ወፈር ያለውን ይውሰዱ።

የአምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ አጭር ይሁን፤ ቀለሙ ተፍቆ ጥሬ ብረት በወጣበት ቦታ በቡሎንና በዳዶ ይታሰር። ሞተሩ ሲነሣ «ዊዊዊ» እያለ ከነዳጁ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ድምፅ ከሰሙ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የኔጌቲቩ ነው፤ ወይም የድምፅ ገመዱ ከኃይል ሽቦው ጋር አብሮ ተኝቷል። አንዱን በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ያሳልፉ። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እላለሁ፤ የዘመኑ ቴፖች የስፒከር ኔጌቲቭ ከሻንሲ ጋር አይገናኝም። በድሮ ልማድ ሽቦ ለመቆጠብ የሁለት ስፒከር ኔጌቲቭ ከቆርቆሮ ጋር ያሰረ ኤሌክትሪሻን ቴፕዎን በአንድ ቀን ይገድለዋል።

ሰብዉፈር የት ይቀመጥ?

የ80 ሄርዝ ድምፅ ሞገዱ ከ4 ሜትር ይበልጣል፤ ከመኪናው ክፍል ርዝመት ይበልጣል ማለት ነው። ይህን ያህል ሰፊ ሞገድ ከየት እንደመጣ ጆሮ መለየት ያቅተዋል፤ ስለዚህ ሰብዉፈሩ ከኋላ የዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ተቀምጦም ቤዙ ከፊት የመጣ ሊመስል ይችላል። ቅድመ ሁኔታው ሥራው መከፋፈሉ ነው። ቴፑ ወይም አምፕሊፋየሩ ላይ ሰብዉፈሩ ከ80 ሄርዝ በታች ብቻ፣ የፊት በሮች ከ80 በላይ ብቻ እንዲሠሩ ያድርጉ። የበሩ ስፒከር ትንሽ ከሆነ 100 ያድርጉት። ሰብዉፈሩ 120 እና 150 ሄርዝ ከተለቀቀለት ግን የወንድ ድምፅ ወፍራም ክፍል ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዘፋኙ ለሁለት ይከፈላል። ብዙ ሰው «ኃይለኛ ቤዝ» የሚለው ይህን ነው።

ሜትር ይዘው ይቀመጡ

አሁን ዋናው ሥራ ላይ ደረስን፤ ዋጋው የሜትር ዋጋ ነው። ቴፑ ላይ ወይም አንድሮይድ ስክሪኑ ላይ «ዲሌይ» ወይም «ታይም አላይመንት» የሚል ክፍል ይፈልጉ። ወንበርዎን እንደሚነዱበት አስተካክለው ይቀመጡ። ረዳት ያስፈልግዎታል፤ ልጅ ቢሆን ደስ ይለዋል። ከእያንዳንዱ ስፒከር መሃል እስከ አፍንጫዎ ሥር በሜትር ይለኩና ይጻፉ።

ለምሳሌ ይህን አገኙ እንበል፦ የፊት ግራ 95፣ የፊት ቀኝ 140፣ የኋላ ግራ 85፣ የኋላ ቀኝ 130፣ ሰብዉፈር 195 ሴንቲ ሜትር። ከሁሉ የራቀው ሰብዉፈሩ ነው፤ እሱን ዜሮ ያድርጉት፣ ሌሎቹ ይጠብቁታል። እያንዳንዱ ስንት መጠበቅ እንዳለበት ለማወቅ የሱን ርቀት ከ195 ቀንሰው ለ34.3 ያካፍሉ። የፊት ግራ፦ 100 ሲካፈል 2.9 ሚሊሰከንድ። የፊት ቀኝ፦ 55 ሲካፈል 1.6። የኋላ ግራ 3.2፣ የኋላ ቀኝ 1.9። ቴፕዎ ሚሊሰከንድ ሳይሆን ሴንቲ ሜትር የሚጠይቅ ከሆነ ሥራው ይበልጥ ይቀላል፤ አንዳንዱ ርቀቱን እንዳለ፣ አንዳንዱ ልዩነቱን ይፈልጋል፤ መመሪያው ላይ ይዩ።

የአዲስ አበባ ከፍታ ይህን ስሌት ያበላሸው እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አለ። አያበላሸውም፤ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ ከፍታው አይደለም። በአፋር በ40 ዲግሪ ሙቀት ፍጥነቱ ወደ 355 ሜትር ይደርሳል። ልዩነቱ ለዚህ ሥራ ከቁም ነገር አይገባም።

ቁጥሮቹን ካስገቡ በኋላ የዜና አንባቢዋን ይመልሷት። ኋላ ያሉትን ስፒከሮችና ሰብዉፈሩን ለጊዜው ያጥፉ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ። አሁን ከጉልበትዎ ተነሥታ ወደ መሃል መሄድ አለባት። ትንሽ ወደ ግራ ካዘነበለች የግራውን መዘግየት በ0.1 ይጨምሩ፤ ወደ ቀኝ ካለፈች ይቀንሱ። ባላንሱን የሚነኩት በመጨረሻ፣ ያውም በአንድና በሁለት ነጥብ ብቻ ነው። አንባቢዋ መሃል ላይ ካልተሰበሰበችና ጭጋግ ከመሰለች ግን ወደ ባትሪ ድንጋዩ ይመለሱ፤ አንዱ ስፒከር ተገልብጧል።

ዲሌይ የሌለው ቴፕ ያለው ሰው ተስፋ አይቁረጥ። ባላንሱን ወደ ቀኝ ሁለት ሦስት ነጥብ መግፋት በከፊል ያግዛል፤ የሩቁን በጉልበት ማካካስ ነው። እንደ ጊዜው ንጹሕ አይሆንም፤ ዘፋኙ መሃል ሲደርስ ቀኙ ይጮኻል።

ከኋላ የሚያንሾካሹክ

ፊቱ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ኋላውን ይክፈቱ። የሃስን ግኝት ያስታውሱ፤ የዘገየው ያሰፋል እንጂ አቅጣጫ አይሰርቅም። የኋላዎቹን ስፒከሮች በቀመሩ ካገኙት ቁጥር ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ተጨማሪ ያዘግዩአቸው። ቴፑ ይህን ያህል ካልፈቀደ የሚፈቅደውን ያህል ይስጡት። ከዚያ ከ300 ሄርዝ በታችና ከ5,000 በላይ ያለውን ከነሱ ይቁረጡ፤ ቀጭኑ ድምፅ አቅጣጫውን ስለሚናገር ጆሮን ወደ ኋላ ይስበዋል። ድምፃቸውን ከፊቱ በ8 ዴሲቤል ገደማ ዝቅ ያድርጉ። ግራውን ከቀኙ የሚቀንስ ሥርዓት ያለው ዲኤስፒ (የድምፅ ማቀናበሪያ መሣሪያ) ካለዎት ወደ ኋላ የሚልኩት ያንን ይሁን።

ልኩን ለማወቅ አንድ ፈተና አለ። ዘፈኑ እየሄደ የኋላዎቹን ያጥፏቸው። ሲበሩ ካልታወቁዎት፣ ሲጠፉ ግን መኪናው የጠበበ ከመሰለዎት ልክ ነው። ሲበሩ «ኋላ ስፒከር አለ» ካሉ በዝቷል። ኋላ የሚቀመጡ ልጆች በዚህ ይቆጣሉ፤ ለእነሱ መላውን በኋላ እነግርዎታለሁ።

ኢኩዋላይዘሩን የሚነኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከመጨመር መቀነስ ይሻላል፤ የሚያስጨንቀውን ድምፅ ፈልገው ዝቅ ያድርጉት። መኪና ውስጥ መስታወቱ ስለሚያንጸባርቅ ከ2,000 እስከ 4,000 ሄርዝ ያለው አካባቢ ብዙ ጊዜ ጆሮ ይበሳል። ቤዙን፣ ትሬብሉን፣ ሰራውንዱን፣ «ላውድነስ» የሚባለውን አንድ ላይ የከፈተ ሰው ግን ያስተካከለው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ፍላሽ ላይ ያለው ሙዚቃም ነገር አለው። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ቦታ ለመቆጠብ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሸረሽረው በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ረቂቅ ልዩነት ነው። ያ ልዩነት ደግሞ የሰራውንዱ ጥሬ ዕቃ ነው። እልልታው ከኋላ ሲመጣ እንደ ውኃ የሚፍለቀለቅ ከሆነ ስፒከሩን አይውቀሱ፤ ዘፈኑን በ320 ያግኙት።

አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ላላቸው

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው በዝቷል። ለሙዚቃ መልካም ነው፤ የሞተር ጩኸት የለም። ስክሪኑን ነቅሎ ሌላ መግጠም ግን አይሆንም፤ የአየር ማቀዝቀዣውም፣ ካሜራውም፣ የመኪናው ቅንብርም በሱ ውስጥ ነው። ማሻሻል ከፈለጉ ከፋብሪካው አምፕሊፋየር በሚወጣው የስፒከር ሽቦ ላይ የሚገናኝ ዲኤስፒ ያስገጥሙ፤ ዲሌይና ቅንብሩ በዚያ ይሠራል። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ገመድ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ የድምፅ ሠራተኛ አይነካውም። የአምፕሊፋየሩ ኃይል የሚወሰደው ከ12 ቮልቱ ትንሽ ባትሪ ብቻ ነው።

ብዙዎቹ ግን ማስገጠም አያስፈልጋቸውም። የስክሪኑን የድምፅ ክፍል ከፍተው «የሾፌር ቦታ» የሚል ምርጫ ካለ ይንኩት። ሜትር ይዘን ስንለካ የዋልነውን ፋብሪካው ለክቶ አስቀምጦታል። መኪናውን ከገዙ ዓመት ሆኗቸው ይህን ቁልፍ ያልነኩ ጓደኞች አሉኝ።

መኪናዎ የኤሌክትሪክም ይሁን የነዳጅ ሁለት ቅንብር ያስቀምጡ፤ ኋላ ለሚቀመጡት ልጆች ያልኩት መላ ይህ ነው። አንዱ ብቻዎን ሲነዱ፣ ከላይ የሠራነው። ሌላው ቤተሰብ ሲሳፈር፤ የኋላዎቹ መዘግየት ወደ ዜሮ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ፌደሩ (የፊትና የኋላ ሚዛኑ) መሃል ላይ። የሾፌሩ ቅንብር ለጎረቤት ወንበር ይከፋል። በሱ መዘግየት ግራው ዘግይቶ ስለሚመጣ ለተሳፋሪው ዘፋኙ ቀኝ በር ውስጥ ይገባል። አንድ ቅንብር ለሁሉም የሚሆንበት መንገድ መሃል ላይ እውነተኛ ስፒከር ማስቀመጥ ነው፤ ውድ መኪኖች ዳሽቦርዱ ላይ ያችን ስፒከር የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

ሲጨርሱ ቁጥሮቹን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፈው ከቦሎው ወረቀት ጋር አብረው ያስቀምጡ። አንዳንድ ቴፖች ባትሪ ሲፈታ ያስገቡትን ሁሉ ይረሳሉ፤ ባትሪ የቀየሩ ቀን አንባቢዋ ተመልሳ ጉልበትዎ ላይ ትቀመጣለች።